ምድር በስተኋላዋ ስለምትጐትተው የመግነጢስ ጅራት

ሰማያትንና ምድርን ለፈጠረ አላህ ምስጋና ይገባው። ከዚህ በኋላ፤ አንተ አንባቢ ሆይ፤ አላህ ይዘንልህና ዕወቅ፤ ምድር ራስዋ ታላቅ መግነጢስ ናት። ከፀሐይም በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶችን የተሸከመ ነፋስ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የምድርን መግነጢስ በቀን በኩል ይጫነዋል፤ በሌሊት በኩል ግን እንደ ጅራት ጐትቶ ያረዝመዋል፤ ርዝመቱም 384,000 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ጨረቃ ያልፋል።

ጅራቱ ከነፋሱ የተቀበለውን ኃይል እንደ ጐተራ ያከማቻል። አንድ ሰዓት ያህል ያጠራቀመውንም በጥቂት ደቂቃዎች ይለቀዋል፤ ይኸውም የተለጠጡት የመግነጢስ መስመሮች ተበጥሰው እንደ ገና ሲጋጠሙ ነው። ሊቃውንት ይህን ንዑስ ማዕበል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2008 ቴሚስ የተባሉት ሳተላይቶች፣ መበጠሱ ወደ ጨረቃ ከሚወስደው መንገድ በሲሶው ላይ እንደ ጀመረ፣ የዋልታው ሰማይ ብርሃንም ከዚያ በኋላ እንደ ደመቀ አዩ።

የሚያስደንቀው ግን ሂሳቡ ነው። ነጋዴ ሆይ፤ ገቢውን ያላወቅኸው ትርፍ በመዝገብህ ቢገኝ አትመረምርምን? በጅራቱ ግራና ቀኝ መካከል ዘወትር ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት በአሥር ሺሆች ቮልት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ሳሪስ፣ ክሪሚጊስና ባልደረባቸው በ1976 እንዳሳተሙት፣ ኢምፕ 7 የተባለችው ሳተላይት በጅራቱ ውስጥ በመቶ ሺሆች ኤሌክትሮን ቮልት የሚለካ ኃይል ያላቸው ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች በድንገት ሲፈነዱ አግኝታለች። ትርፉ ከወዴት መጣ? መግነጢስ በፍጥነት ሲለወጥ ራሱ አዲስ የኤሌክትሪክ ግፊት ይወልዳልና ነው። በሱቅህ ደጅ የሚያጓራው ጄኔሬተር የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው።

ነገሩ ከቤትህ የራቀ አይምሰልህ። ከመካ የሚተላለፈውን ሰላት ከቤተ ሰብህ ጋር የምታይባቸው ሳተላይቶች በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይቆማሉ፤ ከጅራቱ የተወረወሩት ቅንጣቶችም እስከዚያ ይደርሳሉ። በአፕሪል 5 ቀን 2010 ብርቱ ንዑስ ማዕበል ከተነሣ በኋላ ወዲያው፣ በዚያ ከፍታ የነበረችው ጋላክሲ 15 ከምድር የሚላክላትን ትእዛዝ መቀበል ተወች። ምክንያቱ የቅንጣቶቹ ፍንዳታ ሳይሆን አይቀርም ያሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ሳተላይቲቱ አልሞተችም፤ መናገርዋን ሳታቋርጥ መስማት ብቻ ተሳናት። ከስፍራዋም እየተንሸራተተች ወደ ጐረቤቶችዋ ተጠጋች፤ (የጐረቤት ሐቅ በሰማይም አለና) የእነዚያ ባለቤቶች ሥርጭታቸው ከርስዋ ጋር እንዳይደባለቅ ብዙ ደከሙ። እንዲህም ሆና ስምንት ወር ያህል ቆየች፤ በዲሴምበር 2010 ባትሪዋ ሲያልቅ መሣሪያዋ እንደ ገና ተነሣ፤ ትእዛዝም መቀበል ጀመረች።