ውድነትና እጦት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ዴርዝ» የሚባል ቃል አለ። የዛሬ ፍችው እጥረት ነው፤ የተገኘው ግን ውድ ማለት ከሆነው «ዲር» ከሚለው ቃል ነው። እንደ አማርኛው «ውድ» ሁሉ ይህም ቃል ዋጋው ለናረ ዕቃም ለሚወደድ ሰውም ያገለግላል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር አዝመራ ሲበላሽ እህል ይወደድ፣ ድኻውም ይራብ ስለነበር ውድነት፣ እጥረትና ረሃብ በአንድ ቃል ተጠቃለሉ።

እንግዲህ እጥረት የሚባለው የእህል መጥፋት ነው ወይስ የሰው እህል ማጣት? ቃሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ግን ለያይቶ አሳይቷቸዋል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚያን ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው እምብዛም አልናረም ነበር። አዝመራው የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መሸመቻ አልነበረውም፤ መሸመት የማይችል ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ስለዚህ በገበያው ውድነት ሳይሰማ በየመንደሩ ሰው አለቀ።

ዋጋ የሚናገረው ገንዘብ ይዞ ስለ መጣው ሰው ነው፤ ባዶ እጁን ቤቱ ስለ ቀረው ግን አንዳች አይናገርም። ስለሆነም የሕዝብን ችግር በሚዛንና በዋጋ ብቻ የሚለካ አስተዳዳሪ፣ ችግሩ እጅግ በጸናበት ሰዓት ደኅና ነው ብሎ ሊያርፍ ይችላል። «ውድ» የሚለው ቃል እህልንም ሰውንም የሚጠራ ከሆነ፣ የኩንታሉ ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ከገበያ የቀረው ሰው ሊጠየቅ ይገባል።