ብቻውን የቆመ ድምፅ ምን ይጠቅማል?

በሸንጎ መካከል ተነሥቶ የሚናገር ሰው፣ ቃሉ ተቀባይነት እንደማያገኝ አስቀድሞ ካወቀ፣ መናገሩ ምን ይጠቅማል? አንዳንዶች «በአንድ እጅ አይጨበጨብም» ብለው ነገሩን በአጭሩ ይቈርጡታል። ሌሎች ደግሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ለተናጋሪው ይፈርዱለታል። ሁለቱም ከአባቶቻችን የወረስናቸው ምሳሌዎች ናቸውና አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አይገባንም። ስለዚህ ነገሩን በባዶ ሐሳብ ከመመዘን ይልቅ በአንድ ሰው ሥራ ላይ አሳርፈን ብንመረምረው የተሻለ መስሎ ታየን። ለዚህም የመረጥነው በደቡብ አፍሪቃ ፓርላማ 36 ዓመት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው የቈዩትን የወይዘሮ ሄለን ሱዝማንን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሄለን በ1917 ከጆሐንስበርግ አጠገብ በምትገኘው በጀርሚስተን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊትዌንያ ፈልሰው የመጡ አይሁድ ነበሩ። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ ታሪክ ካስተማሩ በኋላ፣ በ1953 ሆተን ከተባለው የምርጫ ክልል ለፓርላማ ተመረጡ። በ1959 ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ በጥቁሮቹ ጉዳይ መወላወሉን አይተው ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተለዩና ፕሮግሬሲቭ የተባለውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1961 በተደረገው ምርጫ ግን ከመካከላቸው ወንበሩን ያላጣ ከእርሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያም እስከ 1974፣ 13 ዓመት ሙሉ፣ ከመቶ ሃምሳ በላይ እንደራሴዎች በሚቀመጡበት ምክር ቤት የፓርቲያቸው ብቸኛ ተጠሪ ሆነው ኖሩ። ምክር ቤቱም የነጮች ነበር፤ ከአገሩ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ጥቁሩ ሕዝብ በዚያ ቤት መራጭም ተመራጭም አልነበረም።

እንግዲህ በመጀመሪያ የጸጥታን ነገር እንመልከት። መጋቢት 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ፖሊሶች በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 69 ሰዎች ከገደሉ በኋላ፣ መንግሥቱ የጥቁሮቹን የፖለቲካ ድርጅቶች አገደ፤ የታገዱትም ከብዙ ዘመን ትዕግሥት በኋላ ወደ ጦር መሣሪያ ተመለከቱ። በ1963 የፍትሕ ሚኒስትሩ ፎርስተር አንድ ሕግ ለፓርላማው አቀረቡ። ሕጉ አንድን ሰው ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና ያለ ጠበቃ 90 ቀን አስሮ ለመመርመር ለፖሊስ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ዘጠናው ቀን ሲያልቅም እንደ ገና ሌላ ዘጠና ቀን ማሰር ይቻል ነበር። ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ እንኳ «አገር በአደጋ ላይ ናት» በሚለው ቃል ተሸንፎ ከመንግሥቱ ጋር ወገነ። ድምፅ ሲሰጥ ሕጉን የተቃወሙት ወይዘሮ ሄለን ብቻ ነበሩ።

የሚኒስትሩን ነገር በቀላሉ መናቅ አይገባም። መንግሥት የሚቆመው ሰው በቤቱ በሰላም ያድር ዘንድ ነው፤ ጸጥታ በሌለበት ስለ መብት መናገርም ከንቱ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ በቅሎና ጭብጦ በዋጋ እንደማይተካከሉ ጠፍቷቸው አይደለም። በፍርድ የሄደውን ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ነገ ደግሞ በፍርድ ሊያስመልሰው ይችላል። ያለ ፍርድ የሄደ ግን ትንሽ ቢሆንም የቀረውን ሁሉ የሚጠብቀውን አጥር ይዞ ይሄዳል። በደለኛው ከንጹሑ የሚለየው በችሎት ፊት ነውና፣ ችሎቱን የዘጋ መንግሥት ጠላቱን ከወዳጁ የሚለይበትን ዐይኑን ራሱ ያጠፋል። ጸጥታን እንጠብቃለን ብሎ ይጀምራል፤ ፍርሃትን ሲጠብቅ ይኖራል።

የሆነውም ይኸው ነው። ሕጉ በወጣበት በዚያው ዓመት በመስከረም፣ ሉክስማርት ንጉድሌ የተባለ ሰው በዘጠና ቀኑ እስራት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በ1965 ዘጠናው ቀን ወደ 180 ከፍ አለ፤ በ1967 በወጣው ሕግ ደግሞ የእስራቱ ወሰን ጨርሶ ተነሣ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደ ተባለው፣ ዘጠና ቀን ለጥቂት ጊዜ የታሰበ መስሎ የተቀበሉት ሁሉ ወሰን ወደሌለው እስራት ደረሱ። በ1967ም ቢሆን ሕጉን በድምፅ የተቃወሙት ያው አንዲት ሴት ነበሩ።

በሁለተኛው፣ በሰው ልጅ መብት ጉዳይ፣ ወይዘሮ ሄለን የተጠቀሙበት መሣሪያ ጥያቄ ነው። በፓርላማ ሥርዓት አንድ እንደራሴ ሲጠይቅ ሚኒስትሩ መልስ መስጠት ግዴታው ነው፤ ጥያቄውና መልሱም በምክር ቤቱ መዝገብ ታትሞ ይወጣል። በአገሩ ሕግ ጋዜጦች እንዳይጽፉት የተከለከለው ነገር ሁሉ በምክር ቤት ከተነገረ በኋላ ሊታተም ይችል ነበር። ስንት ሰው ታሰረ? ስንት ሰው ተገረፈ? ስንት ቤተሰብ ከመንደሩ ተነቅሎ ተወሰደ? ስንት ሰው የይለፍ ወረቀት ባለመያዙ ተፈረደበት? እያሉ ከዓመት ወደ ዓመት ጠየቁ። እንዲህ በማድረጋቸውም ግፍ የሠራው መንግሥት ራሱ የግፉን ቍጥር በገዛ አፉ እንዲመሰክር አደረጉ። ሕጉን መለወጥ ባይችሉም፣ ነገ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ምክንያት ከብዙዎች እጅ ነጠቁ።

በ1967 ወደ ሮበን ደሴት ሄደው እስረኞቹን ጎበኙ። በዚያም በ1962 በአገራችን የጦር ትምህርት ሲማሩ የቈዩትን ኔልሰን ማንዴላን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። እስረኞቹ ስለ ምግባቸውና ስለ ልብሳቸው፣ ይልቁንም በክንዱ ላይ የናዚን ምልክት ስለ ተነቀሰ አንድ ጨካኝ ጠባቂ ነገሯቸው። ወይዘሮዋ ነገሩን ወደሚኒስትሩ ወሰዱት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሰውየው ከዚያ ስፍራ ተነሣ። ይህ ከታላቁ በደል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ድንጋይ ሲፈልጥ ለሚውል እስረኛ የአንድ ጨካኝ መነሣት ኢምንት አይደለም።

በሦስተኛው፣ በውጭ ጉዳይ፣ አንድ ሚኒስትር ጥያቄዎቻቸው አገሪቱን በውጭ እንደሚያሳፍሩ ቢከሷቸው፣ የሚያሳፍረው ጥያቄያቸው ሳይሆን የሚሰጠው መልስ መሆኑን ነገሯቸው። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ የውጭ ፖለቲካ ሁሉ መሠረት አለ ብንል ማጋነን አይሆንም። የአገር ክብር በአምባሳደሮች አንደበት ብቻ አይጠበቅም፤ አምባሳደሩ የሚናገረው በአገሩ የሚሠራው ሥራ የሰጠውን ያህል ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። ኅዳር 4 ቀን 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪቃ በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ የምታደርገውን አገዛዝ በመቃወም በሄግ ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ፣ በሐምሌ 1966 የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት ሆነና በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ የሕግ መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ተጣለ። በዚያን ቀን የተሸነፈው ድምፅ የእኛ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪቃን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ፤ በ1971 ፍርድ ቤቱ ራሱ የደቡብ አፍሪቃ በዚያ መቈየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ፤ በ1990ም ናሚቢያ ነጻ ወጣች። እንግዲህ የተሸነፈ ክርክር ሁሉ የጠፋ ክርክር አለመሆኑን ከገዛ ታሪካችን ልንማር እንችላለን።

ይሁን እንጂ ለፍርዱ ትክክለኛነት ስንል በወይዘሮ ሄለን ላይ የቀረበውንም ወቀሳ መሰወር አይገባንም። ወቀሳው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቁሩ ሕዝብ በማይወከልበት ምክር ቤት መቀመጥ ለዚያ ምክር ቤት መልክና ጌጥ መስጠት ነው የሚል ነው፤ አንዲት ተቃዋሚ መኖሯን እያሳየ መንግሥቱ «ነጻ ክርክር አለን» ይል ነበርና። ሁለተኛው፣ በዓለም ሁሉ የተጠየቀውን የኤኮኖሚ ማዕቀብ መቃወማቸው ነው። ማዕቀቡ አስቀድሞ የሚጐዳው ጥቁሩን ሠራተኛ ነው፣ ሥራና እድገት ግን ለሠራተኛው ኀይል ይሰጡታል ይሉ ነበር።

ስለ ማዕቀቡ የተሳሳቱ ይመስለናል። ሸክሙን የሚሸከሙት ሰዎች መሪ አልበርት ሉቱሊ ገና በ1959 ዓለም የደቡብ አፍሪቃን ዕቃ እንዳይገዛ ለምነው ነበር፤ መከራው በሕዝባቸው ላይ እንደሚወድቅ እያወቁ ለመቀበል ፈቅደው ነበር። ስለ ሌላው ሰው መከራ ልክ የሚወስነው ባለመከራው ነው እንጂ አዛኙ አይደለም። በ1985 የውጭ አገር ባንኮች ብድራቸውን ማራዘም ሲያቆሙ፣ በ1986ም የአሜሪካ ምክር ቤት የፕሬዚዳንት ሬገንን እንቢታ አልፎ የማዕቀብ ሕግ ሲያወጣ፣ መንግሥቱ ከዚያ በፊት ያላወቀው ጭንቀት ያዘው።

ስለ መጀመሪያው ወቀሳ ግን ፍርዳችን ሌላ ነው። በግፍ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚመዘነው በመቀመጡ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ተቀምጦ በሚሠራው ነው። ከቤቱ ጥቅም የሚካፈልና የሚያሰማው ተቃውሞ ማንንም የማያስቈጣ ከሆነ በእርግጥ ጌጥ ነው። ወይዘሮ ሄለን ግን የተሰደቡ፣ ስልካቸው በስውር የሚሰማ፣ በ1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርቩርድ በምክር ቤቱ ውስጥ ሲገደሉ እንኳ «እናንተ ናችሁ ያስገደላችሁት» ተብለው በቦታ የተወነጀሉ ሴት ነበሩ። ጌጥ የሆነን ሰው ማንም እንዲህ አይጠላም።

ስለዚህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ብቻውን የቆመ ድምፅ ግፍን ብቻውን አይጥልም፤ አፓርታይድን የጣለው የጥቁሩ ሕዝብ የራሱ ተጋድሎና መሥዋዕትነት ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም የተባለውም እውነት ነው። ነገር ግን ሌላው እጅ እስኪመጣ ድረስ ያ አንድ እጅ ተዘርግቶ ባይጠብቅ ጭብጨባው ከየት ይጀምር ነበር?

ወይዘሮ ሄለን በ1989 ከፓርላማ ወጡ፤ በ1994 ሕዝቡ ሁሉ የመረጠበትን ምርጫ በሚመራው ኮሚሽን ውስጥ አገለገሉ፤ በ2009ም በ91 ዓመታቸው ዐረፉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት በሻርፕቪል ሲፈርሙ በስፍራው ነበሩ። በዚያም ሕገ መንግሥት ውስጥ ማንም ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር መብት እንዳለው ተጽፏል። በ1963 አንዲት ሴት ብቻዋን የሰጠችው ድምፅ፣ ከ33 ዓመት በኋላ የአገር ሕግ ሆነ ማለት ነው።

እኛም በሸንጎ፣ በጉባኤ፣ በዕድርም ሆነ በመሥሪያ ቤት ስንቀመጥ፣ ብዙዎች እጃቸውን በአንድነት ሲያነሡ አይተን እጃችንን ልናነሣ ስንል፣ የሚወሰነው ነገር በእኛ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንል እንደ ነበር አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ ከባልንጀሮቻችን መልስ ከተለየ፣ መሸነፋችንን ብናውቅም እንናገረው። መዝገቡን የሚያነብ ሌላ ትውልድ አለና።