ሃምሳ ሎሚ እና አንድ ዋስ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ያልሰማ አበሻ የለም። አብዝቶ የሚተርተው ግን መዋጮ ሰብሳቢው ነው። ዕድሩ ድንኳን ሊገዛ ሲያስብ፣ የሰፈር ልጅ ለሕክምና ገንዘብ ሲያጥረው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር፣ መዝገብ ይዞ የቆመው ሰው ነገሩን የሚከፍተው በዚህ ነው። ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሸክሙን ተካፈሉት፣ መቅለል ብቻ ሳይሆን ያምርባችኋል ነው የሚለው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ተረቱ ዝም ያለው ነው። ሎሚውን ማን ዞሮ ያድላል? ከሃምሳው አንዱ «የኔን ለጎረቤቴ ስጠው» ያለ እንደሆነስ? ደግሞስ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ይመርመር ቢባል?

ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚፈትን ታሪክ ካለ፣ በናዚ ዘመን አይሁዶችን በደብዳቤና በዋስትና ወረቀት ለማውጣት የተሯሯጡ ሰዎች ታሪክ ነው (ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን ነው)።

ከእነዚህ አንዱ ካርል ሌምሌ ነው። በ1867 በደቡብ ጀርመን፣ ላውፕሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ አሜሪካ ገባ፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ልብስ ቤት ተቀጥሮ ሠራ፤ በ1906 ቺካጎ ላይ ትንሽ ሲኒማ ከፈተ፤ በ1912 ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ሲቋቋም ዋናው ሰው እሱ ነበር። ናዚዎች ገና ሥልጣን ሳይዙ ያውቁታል። በ1930 ኩባንያው ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራው ፊልም በርሊን ሲታይ አዳራሹ ውስጥ ነጭ አይጥ ለቀው ተመልካቹን በትነውበታል። በ1936 ኩባንያው ከእጁ ወጣ። ዕድሜው ገፍቷል፣ ገንዘብ ግን አላጣም። ከዚያ በኋላ የቀረ ሥራው መፈረም ሆነ።

ፊርማው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የአሜሪካንን በር ማየት ያስፈልጋል። በ1924 የወጣው ሕግ ለየአገሩ ኮታ ቆርጦ ነበር፤ የጀርመን በዓመት 25,957 ሰው ነው፣ ኦስትሪያ በ1938 ከተዋጠች በኋላ ተደምሮ 27,370። ችግሩ ኮታው ብቻ አልነበረም። በመንግሥት ጫንቃ ላይ ይወድቃል ተብሎ የሚያሰጋ ሰው አይገባም የሚል አሮጌ አንቀጽ ነበር፤ ከ1930 ጀምሮ፣ ሥራ አጡ በበዛበት ጊዜ፣ ቆንስሎች ይህንን አንቀጽ ጠበቅ አድርገው እንዲሠሩበት ታዘዙ። ናዚዎች ደግሞ ከአገር የሚወጣውን አይሁድ ንብረቱን ገፍፈው ነው የሚለቁት። ስለዚህ ቆንስሉ ፊት የሚቀርበው ሰው ትናንት ሐኪም ይሁን ነጋዴ ዛሬ ባዶ እጁን ነው፤ ሊያድነው የሚችለው አሜሪካ ያለ ዋስ ነው። ያ ዋስ አፊዳቪት የሚባለውን ቃል ይፈርማል። ውል አዋዋይ ፊት የተረጋገጠ ስድስት ቅጂ፣ የገቢ ግብር የከፈለበት ማስረጃ፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚመሰክር ደብዳቤ ያያይዛል። የተሻለ የሚታመነው ደግሞ ሁለት ዋስ ሲገኝ ነው። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ሆኖ ወንድሙን ለማምጣት ታክስ ያስገባበትን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያደረገ፣ ገቢው አልበቃ ብሎት «አብረኸኝ ፈርምልኝ» ብሎ ጓደኛ ደጅ የጠና ሁሉ የዚያኑ አንቀጽ ወራሽ ነው የሚሞላው።

ሌምሌ የፈረመው ለዘመድ ብቻ አልነበረም። የላውፕሃይም ልጅ መሆን ይበቃል፤ በኋላ እሱም ቀርቶ በጭራሽ ለማያውቃቸው ሰዎች ፈረመ። ከ300 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ዋስ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የተረቱ የመጀመሪያ ስንኝ ጥርስ ያወጣው። ጉዳዩን የሚያየው ሽቱትጋርት ያለው የአሜሪካ ቆንስላ መጠራጠር ጀመረ፤ ሰውየው ሰባ አልፎታል፣ የገባው ቃል በዝቷል፣ ነገ ቢሞት እነዚህን ሁሉ ማን ይቀልባል? እውነቱን ለመናገር በወረቀት ላይ ሒሳቡ ስህተት አይደለም። አንድ ሰው ሃምሳ ሎሚ አይችልም ማለት ነው። ግን ያ ሒሳብ የተሠራው ባለጉዳዩ ዳካው ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ሊወሰድ በሚችልበት ከተማ፣ ጠረጴዛ ላይ ተረጋግቶ ነው።

ሽማግሌው ምን አደረገ? ለአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለኮርዴል ኸል ጽፎ አቤት አለ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ዞረ፤ ስምና ገቢ ላላቸው ወዳጆቹ፣ ዳይሬክተሩን ዊሊያም ዋይለርን ጨምሮ፣ «እኔን ከእንግዲህ አይቀበሉኝም፣ እናንተ ፈርሙ» የሚል ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ሎሚ አዳይ ሆነ። ይህ ሥራ ከመፈረሙ የሚከብድ ይመስለኛል። ራስህ መፈረም የአንድ ቀን ድፍረት ነው፤ ሰውን እየዞሩ ፈርምልኝ ማለት ግን ፊት ይበላል፣ ወዳጅም ያስቀንሳል። መዝገብ ይዞ ቤት ለቤት የዞረ የዕድር ጸሐፊ ያውቀዋል።

አሁን ሃምሳውን ሰብስበን እንየው። ጁላይ 1938 ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባቀረቡት ጥሪ የ32 አገሮች መልእክተኞች ኤቪያን በተባለች የፈረንሳይ የመዝናኛ ከተማ፣ ሆቴል ሮያል ውስጥ ተሰበሰቡ። ለተረቱ ከዚህ የተመቸ ጉባኤ አይገኝም፤ ሸክሙ አለ፣ ተሸካሚው 32 ነው። መልእክተኞቹ ተራ በተራ እየተነሱ አዘኑ። ከዚያ አንዱ ሥራ አጥ በዝቶብናል አለ፣ አንዱ የምንቀበለው ገበሬ ብቻ ነው አለ፣ የአውስትራሊያው ደግሞ በአገራችን የዘር ችግር የለም፣ ልናስገባም አንሻም አለ። ጠሪዋ አሜሪካ ራሷ ከኮታዋ በላይ አንድም ሰው አልጨመረችም። ትንሿ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ እስከ 100,000 ሰው እቀበላለሁ ብላ ተነሳች፤ በተግባር የሰፈሩባት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ያኔ ጎልዳ ሜየርሰን የምትባለው፣ ኋላ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ጎልዳ ሜየር፣ በታዛቢነት ተቀምጣ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ጌጡ ጉባኤው ራሱ ሆኖ ቀረ።

ኤቪያን ያለችው በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጁን 1936፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያው ሐይቅ ጫፍ፣ ጄኔቫ ላይ፣ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ሲሉ የሰማ ሰው የኤቪያኑ ነገር አይደንቀውም። በ1935 ከ54ቱ አባል አገሮች 50ው ኢጣሊያ ወራሪ ናት በሚለው ተስማምተው ነበር። ልክ ሃምሳ! ማዕቀቡ ሲመጣ ግን የጦር መኪናውን የሚያስኬደው ነዳጅ ከዝርዝሩ ቀረ። ሃምሳ ሰው ባለበት ሁሉ አርባ ዘጠኝ ሌላ ሰው አለ፤ እያንዳንዱም የሚያየው እነዚያን ነው።

ታዲያ ተረቱ ውሸት ነው? እንደዚያም አልልም። የሠራባቸውን ቦታዎች ሳይ አንድ ነገር ይመሳሰልብኛል፤ ጥሪው ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው በስሙ ደርሷል። ዘመድ የሌላቸው የጀርመንና የኦስትሪያ አይሁዶች የአሜሪካ ከተሞችን የስልክ ማውጫ እየፈለጉ፣ የቤተሰብ ስማቸው ለገጠመ ለማያውቁት ሰው ይጽፉ ነበር፤ «ምናልባት ዘመዳሞች እንሆን ይሆናል» በሚል ተስፋ። ኦስትሪያ በተያዘች ሰሞን የቪየና ወላጆች «ማንቸስተር ጋርዲያን» ጋዜጣ ላይ ልጃችንን የሚቀበል ደግ ሰው እያሉ ማስታወቂያ አውጥተዋል፤ ልጁ ጥሩ አስተዳደግ ያለው፣ ትምህርት የሚገባው መሆኑን በሁለት ሦስት መስመር እየገለጹ። በኖቬምበር 1938 ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ከፈጸሙት ጭፍጨፋ በኋላ ብሪታንያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች አስገባች። ከፕራግ የመጡትን ልጆች ጉዞ ያደራጀው የለንደኑ የአክሲዮን ደላላ ኒኮላስ ዊንተን የልጆቹን ፎቶ እያሳተመ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ይልክ ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ ወደፊት ለሚመለስበት ጉዞ 50 ፓውንድ ማስያዣ የሚያቀርብለት ሰው ይፈልጋል። ልጅን በፎቶ ማስመረጥ ይቀፋል፣ ሰውየውን ለመውቀስ ግን አፍ አይኖረኝም። 669 ልጆች ወጥተዋል። ፎቶውን የያዘች እመቤት «ሌሎች አሉ» ልትል አትችልም፤ ልጁ ፊቷ ላይ ነው የሚያያት።

ሃምሳው እጁን ዘርግቶ፣ ሎሚውም ታድሎ፣ በረኛው አላሳልፍም ያለ ጊዜ ግን ተረቱ መልስ የለውም። የአና ፍራንክ አባት ኦቶ ፍራንክ ከ1938 ጀምሮ የአሜሪካ ቪዛ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ ሜይ 1940 ጀርመኖች ሮተርዳምን ሲደበድቡ ማመልከቻው ከቆንስላው ጋር ጠፋ። ኤፕሪል 1941 አምስተርዳም ሆኖ ለተማሪ ቤት ጓደኛው ለናታን ስትራውስ ጻፈ፤ ለልጆቹ ሲል እንደሚለምነው ገልጾ፣ 5,000 ዶላር ማስያዣ ጠየቀው። ስትራውስ ከታወቀ ሀብታም ቤተሰብ የተወለደ፣ በዋሽንግተን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ማሳቹሴትስ ያሉት የኦቶ ሚስት ወንድሞች፣ ተራ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ እነሱም ዋስ ለመሆን ተነሱ። ባለሥልጣንም ወዛደርም አንድ ሸክም ያዙ ማለት ነው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ጀርመን በያዘቻቸው አገሮች ያሉ የአሜሪካ ቆንስላዎች ተዘጉ፤ ፈራሚው ቢሞላም ወረቀቱን የሚቀበል መስኮት ጠፋ። ፊታቸውን ወደ ኩባ አዞሩ። ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ለኦቶ ብቻ ቪዛ ተፈቀደ። ዲሴምበር 11 ቀን ጀርመን በአሜሪካ ላይ ጦርነት አወጀች፣ ቪዛውም ተሰረዘ።