ዝናብ አይተሽ ወንዝ አትገምቺ

ልጄ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። የላክሽልኝን ዕቅድም አነበብኩት። አባይ ላይ የለመድሽውን የዝናብና የፍሰት ስሌት እዚያም ልትሠሪበት አስበሻል። ተይ።

በካርታ ካየሻቸው ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ አገራችን ውስጥ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ። አባይ ግን በዓመት ከ50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይዞ ይወጣል፣ ሸበሌ ከ3 ቢሊዮን ብዙም አያልፍም። በስፋት ግማሻቸውን እንኳ የማያክለው ባሮ አኮቦ ከ20 ቢሊዮን በላይ ያወርዳል። ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ጠግቦ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ሁሉ ቆላ ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጎዴ ስትደርሺ ዝናቡ ጥቂት፣ ፀሐዩ ብዙ ነው፤ ወንዙም እየሄደ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ወቅቱም ሌላ ነው። የአባይ ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል። የታችኛው ሸበሌ አገር ግን ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በጸደይና በመኸር ነው፤ ክረምት የምንለው ጊዜ እዚያ ደረቅ ነው። ኤልኒኞ ሲመጣ ሰሜኑ ክረምቱ ሲከዳው፣ ደቡብ ምሥራቁ በመኸር ጎርፍ ሊመታው ይችላል። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ዋልካ መሬት በግንቦት ስትሄጂ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለሽ። የሰኔ ዝናብ ያንን ስንጥቅ ሞልቶ ይቀራል፣ ወንዙ ብዙም አይሰማውም። ያው መጠን ነሐሴ ላይ ቢዘንብ መሬቱ ጠግቧልና አብዛኛው በቀጥታ ይሮጣል። ደለሉ ደግሞ ውሃውን ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ማሳው ታርሶ ጤፉ ገና ሳይሸፍነው ወንዙ ቡና ይመስላል፣ መስከረም ላይ ግን ይጠራል።

ሙቀትን አትናቂ። አንድ ተፋሰስ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ዘንቦለት 800ው ተመልሶ ወደ ሰማይ ቢሄድ፣ ለወንዙ 200 ይቀራል እንበል። ዝናቡ በአሥር በመቶ ቀንሶ 900 ቢሆን፣ ፀሐይና ተክሉ ድርሻቸውን በዚያው ልክ አይቀንሱም። 770 ቢወስዱ ለወንዙ የሚተርፈው 130 ነው፤ ከሦስት አንድ እጁ ሄደ ማለት ነው። የግድብ ዕቅድ ሲወጣ ይህን የሚያስታውስ ሰው ስብሰባው ላይ ብዙ አይገኝም።

መዝገቡንም በጥርጣሬ አንብቢው። ዝናብ መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ትናንት ማታ በግማሽ ሰዓት የወረደ 30 ሚሊ ሜትርና ሌሊቱን ሙሉ ያካፋ 30 ሚሊ ሜትር እዚያ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ለወንዙ ግን አንዱ ጎርፍ ነው፣ ሌላው የማሳ ሲሳይ። ጣቢያዎቹ ደግሞ የሚበዙት መኪና በሚደርስበት ከተማ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታው ተራራው ላይ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ውሃው የተነሣው ከከተማይቱ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር።

ስለዚህ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት ወደ ላይ ውጪ፣ ከምንጩ ጀምረሽ ውረጂ። መለኪያ የሚያነቡትን ሰዎች በስማቸው እወቂያቸው፤ ደመወዛቸው ከዘገየ መዝገቡም እንደሚዘገይ አትርሺ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት መረጃ በየወሩ ከፋፍለሽ ላኪልኝ። ዓመታዊ አማካይ ብቻ ከላክሽልኝ አላየውም።