ለሁሉ አንድ መስፈሪያ ፍትሕ ነውን?

ፍትሕ ማለት ለሁሉ እኩል ማድረግ ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እኩል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ እንዳለው የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። አንደኛው ለሁሉ አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ነው። ሁለተኛው ሁሉም ወደ አንድ ግብ ይደርሱ ዘንድ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን መስጠት ነው። ሁለቱ በቃል ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ፤ በክፍል ውስጥ ሲፈተኑ ግን ይለያያሉ።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት አእምሯቸው ከብዙዎቹ በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ልጆች ነው። አንዱ ብልህ ሆኖ ሳለ ፊደል ይምታታበታል። ሌላው ለአምስት ደቂቃ እንኳ ረግቶ መቀመጥ ያቅተዋል። ሌላው ደግሞ በግልጽ የተነገረውን እንጂ በዘወርዋራ የተነገረውን አይረዳም፤ ጫጫታ ያሠቃየዋል፤ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥበት ይጨነቃል። ይህን የመጨረሻውን ሁኔታ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ጽፎ ካስታወቀ ወዲህ ኦቲዝም ይባላል። ልጆቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ስማቸው ግን «ሰነፍ»፣ «ባለጌ»፣ «ልክፍት ያለበት» ነበር። የስም ነገር ቀላል አይደለም፤ ነገሩን በትክክል ያልሰየመ ሰው መፍትሔውን ከአለንጋ ይፈልጋልና።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ቃል ገብተዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የ92 መንግሥታት መልእክተኞች በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተስማሙ። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ ይህም ስምምነት የአካቶ ትምህርትን ግዴታ ያደርጋል። ከዚህ አስቀድሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን አቋቁመው ነበር። የእናት ልብ ከሕግ ቀደመ። ሆኖም አንድ ማእከል የአገሩን ልጅ ሁሉ ሊይዝ አይችልምና ነገሩ ተመልሶ ወደ ተራው መምህር ክፍል ይመጣል።

በዚያም መምህሩ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፤ «ስድሳ ልጆች አሉኝ። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ብጨምር ከሃምሳ ዘጠኙ መስረቄ አይደለምን?» ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ የሚገባው መልስም ተግሣጽ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ከሚያስፈልገው ርዳታ ብዙው ገንዘብም ረጅም ጊዜም አይጠይቅም። የቀኑን ሥራ በተራ በሰሌዳ ጥግ መጻፍ፤ የሚቅበጠበጠውን ልጅ ከመስኮት አርቆ ማስቀመጥና ደብተር እንዲያድል ማዘዝ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነበንብ ጆሮውን የሚይዘውን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ወጥቶ እንዲቆይ መፍቀድ፤ ረጅሙን ሥራ ከሦስት ከፍሎ መስጠት። ይህን ሁሉ በማስተማር ዘመኔ ሞክሬዋለሁ፤ ለአንዱ ያደረግሁት ብዙ ጊዜ ለአሥሩ ጠቅሟል።

ፊደላችንን እንመልከት። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ ስላላቸው 231 ይሆናሉ። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ቸ» በአናታቸው ላይ ባለች ጭረት ብቻ ይለያያሉ፤ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» ደግሞ በመልክ ተለያይተው በድምፅ አንድ ናቸው። ይህን በዝግታ፣ በጣት እያስነካ የሚያስተምር መምህር፣ ፊደል የሚምታታበትን ልጅ ብቻ ሳይሆን አፍሮ ዝም ያለውንም ይረዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ፈተና ነው። «ለአንዱ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ማዳላት ነው» ይባላል። እኔ ግን ፈተናው የሚለካው ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ጤፍ በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ጨርቅ በቁና ሰፍሮ «ለሁሉ ያው ቁና ነው» የሚል ነጋዴ ታማኝ አይባልም። የታሪክ ትምህርትን በቃሉ አጥርቶ የሚመልስ፣ ብዕር ሲይዝ ግን ግማሹን እንኳ ሳይጽፍ ሰዓቱ የሚያልቅበት ተማሪ አይቻለሁ። የታሪክ ፈተና የጽሕፈት ሩጫ ካልሆነ፣ ይህን ልጅ በቃል መጠየቅ ማዳላት ሳይሆን መስፈሪያውን ማስተካከል ነው።

መምህሩ ብቻውን የማይሸከመው ነገር እንዳለ ግን ሊካድ አይገባም። የሠለጠነ ረዳት ሳይመድቡ፣ መምህሩንም ሳያስተምሩ፣ ልጁን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ «አካተትነው» ማለት ማታለል ነው። ወንበር መስጠት ማስተማር አይደለም። የዚህ ዕዳ የሚወድቀው መምህሩ ላይ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን በሚያስተዳድሩት ላይ ነው። ዕዳ ማለቴም ሆን ብዬ ነው፤ ምጽዋት የሰጪው ፈቃድ ነውና ሲከለከል አይጠየቁበትም፤ ዕዳ ግን ይጠየቁበታል።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ጠፋው በግ የሚናገረውን ምሳሌ ስንማር፣ «ዘጠና ዘጠኙስ አልተበደሉምን?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። ክፍል ከያዝኩ በኋላ መልሱን ያገኘሁ ይመስለኛል። ልጆች መምህራቸው ደካማውን እንዴት እንደሚይዝ አተኩረው ያያሉ። ሲያዋርደው ካዩ ማዋረድን ይማራሉ፤ እነርሱም አንድ ቀን ሲደክሙ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ሲታገሥለትና ሲፈልገው ካዩ ግን፣ እያንዳንዱ «እኔም ብጠፋ እፈለጋለሁ» ብሎ በሰላም ይቀመጣል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለአንዱ የተሰጠችው አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኙ የተሰረቀች እንዳትመስልህ፤ እነርሱም በእርስዋ ተምረውባታል።