ከመነቀስሽ በፊት

ልጄ፣ የመረጥሽው የሳሞአ ንድፍ ውብ ነው። አትነቀሺ ልልሽ አልፈልግም፤ ግንባሬ ላይ መስቀል፣ አንገቴ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ይዤ እንዴት ብዬ! የማሳስብሽ ምልክቱ የማን እንደሆነ ሳታውቂ ቆዳሽን እንዳትሰጪ ነው።

ጎንደር ገጠር እኛ ልጆች ሳለን ነቃሿ በአገሩ የታወቀች ሴት ነበረች። የምጣድ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውስና በእሾህ ወይም በመርፌ እየወጋች ታሰርገዋለች። ያማል፣ ያብጣል። ድድ የተነቀሰች ልጅማ ለቀናት ትኩስ ነገር አትቀምስም። ድድ የሚነቀሰው ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ነው፤ ለድድ ሕመም ይበጃል የሚሉም ነበሩ። የግንባሩ መስቀል ግን ከጌጥነት ያልፋል፤ እንደ ማተብ ክርስትናችንን ይናገራል፣ እንደ ማተብ ግን አይበጠስም። ስነቀስ አክስቶቼ ከበውኝ ነበር፤ አንዷ ጭንቅላቴን ስትይዝ ሌላዋ ታባብለኝ ነበር።

ሳሞአም እንዲሁ ነው። ነቃሹ ቱፉጋ ይባላል፤ ሙያውም በቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ ነው። ከአጥንት ወይም ከእርያ ክራንቻ የተሠራ ማበጠሪያ መሳይ መሣሪያ በጥላሸት እየነከረ፣ በዱላ እየመታ ጥላሸቱን ቆዳ ውስጥ ያስገባል። ረዳቶቹ ቆዳውን ይወጥራሉ፤ ዘመድ አጠገብ ይቀመጣል። የወንዱ ከወገብ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ የሴቷ ጭኗ ላይ ነው። ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነውሩ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። የተነቀሰ ሰው ቤተሰቡንና ማኅበረሰቡን የማገልገል ግዴታ አለበት። አንቺ ስልክሽ ላይ ያየሽው መስመር ይህን ሁሉ የተሸከመ ነው።

የኒውዚላንድ ማኦሪዎች የፊት ንቅሳት ደግሞ የዘር ሐረግ ይተርካል። በ1840 የዋይታንጊ ውል ሲፈረም አንዳንድ አለቆች በፊርማ ፋንታ የፊታቸውን ንቅሳት ቅርጽ ስለው ነበር። እንግዲህ የሌላ ሰው ፊርማ በገላሽ ላይ ይዘሽ ልትዞሪ ነው? ማኦሪዎች ራሳቸው ከዘራቸው ውጭ ለሆነ ሰው የተለየ ንድፍ ይሠራሉ፤ የእነሱን ከወደድሽ በዚያ መንገድ ጠይቂ።

የእኛንም ሁሉ አላወድስም። በአንድ እሾህ ብዙ ልጅ ይነቀስ ነበር፤ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በደም እንደሚተላለፍ የነገረን አልነበረም። ፈቃዳችንንም የጠየቀ የለም። አሁን እዚህ ናይሮቢ የዕድሜ እኩዮቼ ሳይቀሩ ንቅሳታቸውን በሌዘር ሊያስጠፉ ይመላለሳሉ። ያልወደደችው ታስጠፋው፤ መብቷ ነው። አንዳንዷ ግን የምታስጠፋው የባላገር ምልክት ነው ስለተባለች ብቻ ነው፤ ያ ያንገበግበኛል። የተለጠጠ ጆሮውን ይዞ ናይሮቢ መሐል ቀና ብሎ የሚሄደውን የማሳይ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እነዚያን ሴቶች አስባለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ አያትሽ ጋ ደውዪ። አንገቷ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር በማን እጅ፣ በስንት ዓመቷ እንደተነቀሰ ጠይቂያት፤ ጻፊው፣ ፎቶውንም አስልኪ። ከዚያ በኋላ የእሷን ንድፍ ብትመርጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመርጪም አልቀየምሽም። ነቃሹ ቤት ግን ብቻሽን አትሂጂ። አብሬሽ እመጣለሁ፤ መርፌው ከነማሸጊያው እፊታችን ካልተከፈተ ተነስተን እንወጣለን።