የሰው ወርቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ተረቱ የወጣው ከሰርግ ቤት ይመስለኛል። የጎረቤት ሐብል ተውሳ የወጣች ሴት ቀኑን ሙሉ አንገቷን ስትዳብስ ትውላለች፤ ቢጠፋ ዕዳ፣ ባይጠፋም ማታ ተመላሽ ነው። ለወርቅስ እውነት ነው። ግን ይኸው ተረት የማደጎ ልጅ ላነሳ ሰውም ይወረወራል።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ያለች አንዲት አሳዳጊ እናት እናስብ። ልጇ ሃይድሮሴፋለስ ነበረበት፤ በአንጎሉ ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ጭንቅላቱን ይለጥጠው ነበር። ሐኪሞች ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከራሱ በአንገቱ አሳልፈው ሆዱ ውስጥ አስገቡለት፤ ፈሳሹ እዚያ ይወርድና ሰውነቱ መልሶ ይመጠዋል። ስታጥበው ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጉብታ፣ ከዚያም በቆዳው ሥር የሚወርደውን ቱቦ በጣቷ ታገኘዋለች። ልጅ ሌሊት ሲያስመልስ ሌላዋ እናት «ምን በልቶ ነው?» ትላለች። እሷ «ቱቦው ተደፍኖ ይሆን?» ነው የምትለው። ትውከቱ ላይ ራስ ምታትና መፍዘዝ ከታከለ እስኪነጋ አይጠበቅም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች የሚበዙት ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ።

እስቲ በዚህ ልጅ ሊደምቅ ብሎ የሚያነሳው ማን ነው? ተረቱ የሚስተው ልጅን ጌጥ አድርጎ ሲቆጥር ነው። በእርግጥ ጧሪና ስም አስጠሪ ፈልጎ የሚያነሳም አለ፤ ተረቱ ለእሱ ይድረሰው።

አዲስ አበባ ስትደርስ የምታርፈው እንደ ብዙ የጋሞ ሰው ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ወንድሟ ቤት ነው። ልጁ ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ይተኛል። አጎቱ ለጎረቤት «የእህቴ ልጅ» ብሎ ያስተዋውቀዋል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ተረቱ የሚረታት ሐኪሙ ፊት ነው። «በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር? ሲወለድስ እንዴት ነበር?» ሲላት መልስ የላትም። ሕጉም ልጁ ከሌላ ቤተሰብ መወለዱን አልዘነጋም፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጉዲፈቻ ልጅን እንደ አሳዳጊው ልጅ ሲቆጥር፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አልቆረጠም።

ቀድሞ «ፈረንጅ ይውሰደውና ያሳክመው» የሚል ተስፋ ነበር። በጥር 2010 ፓርላማው ልጅን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ከለከለ። አሁን የሚያነሳው የሴቻ፣ የጨንቻ፣ የሽሮ ሜዳ ሰው ነው። ስለዚህ፣ ሐኪሙ ፊት መልስ እንዳታጣ፣ ልጅ የምታስረክቡ ሰዎች፣ የሕክምና ካርዱን፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ቀንና ስለ ወላጆቹ የምታውቁትን ሁሉ ጽፋችሁ ለእናቱ በእጇ ስጧት።